ያልተንቀጠቀጠው እጅ

«ማንም እንዳይተነፍስ» አለ ወንድሟ፣ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮ ጫፉን በጣሳው ከንፈር ላይ እየጠረገ።

ትንኝ ትንፋሿን ዋጠች። እናቷም ከልብስ ማስጫው ገመድ ስር እርጥብ አንሶላ እንዳቀፈች ቀጥ ብላ ቆመች። ብሩሹ ከሰሌዳው አናት ተነሳ፤ ወረደ፤ ሳይወፍር፣ ሳይቀጥን፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር እስከ ታች ድረስ ፈሰሰ። ወንድሟ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመና ቀኝ እጁን በፊታቸው ዘረጋ። ጣቶቹንም አንድ በአንድ ከፈታቸው።

«እስቲ እዩት። ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ እንደ ድንጋይ ነው» አለች እናቱ፤ አንሶላው ከእቅፏ ተንሸራትቶ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው። «እሰይ የኔ ልጅ። ያዳኑህ ሴትዮ ክፉ አይንካቸው።»

ትንኝም ደስ አላት። ደስ አይበላት ቢባል እንኳ አትችልም ነበር፤ ወንድሟ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። «ትንኝ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ገና አፏን ስትፈታ ጀምሮ ከጆሮው ስር አልጠፋ ብላው። እሱን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ብሩሽ» ይለዋል። የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ እስከ ጎማ ጠጋኙ ድረስ የተደረደሩት ፊደሎች የሱ እጅ ናቸው፤ እነዚያ ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ ጭራቸው ወደ ላይ ቀና የሚለው።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ይመጣና ይጥለዋል፤ ሲነሳ ምንም አያስታውስም፤ ከዚያ ወራት ሙሉ ድምፁን ያጠፋል። አንድ ቀን ግን ምድጃ አጠገብ ጥሎት ለጥቂት ስለተረፈ እናቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ኪኒን ታዘዘለት። ኪኒኑ መውደቁን አስቆመለት። እጁን ግን አንቀጠቀጠበት። ለሌላ ሰው ቢሆን ሻይ ሲጠጣ ትንሽ ይፈስበት እንደሆን እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ለታፔላ ጸሐፊ ግን እጅ ማለት ሌላ ነገር ነው። ፊደሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጁ፤ ምርኩዝ የያዙ ይመስል ጎበጡ። የታፔላ ቤቱ አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሽታውንም አያውቁም፤ እጁን ብቻ አዩና ዝም ብለው ከፊደል ወደ መደብ አወረዱት። እሱ ሰሌዳውን ነጭ ይቀባል፣ ሌላ ሰው ይጽፍበታል። ያን ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር።

እትዬ ጠብታ የተገኙት በዚህ መሃል ነው። ጎረቤት ነው የጠቆመው። «ሆሚዮፓቲ ይባላል» ተባለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጎረቤትም አያውቅ፣ እነሱም አልጠየቁ። ሴትዮዋ በትንሽ ጠርሙስ ነጫጭ ፍሬዎች ሰጡት። በእጅ አይነኩም፤ በጠርሙሱ ክዳን ላይ ተራግፈው ከምላስ ስር ይገባሉ። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ እጁ ረጋ።

«ሰኞ እኮ ነው» አለ ወንድሟ ብሩሹን እያጠበ። «የልብስ መደብሩ ሕንፃ ታፔላ። ፊደሎቹ ከኔ ቁመት ይበልጣሉ። አለቃ ራሳቸው ናቸው ‹ብሩሽ ይጻፈው› ያሉት። ትንኝ፣ እስቲ ቲነሩን ከአልጋዬ ስር አምጪልኝ።»

ትንኝ እየዘለለች ገባች። አልጋው ስር ተንበርክካ እጇን ስትሰድ የቲነሩን ጠርሙስ አገኘች፤ ከኋላው ደግሞ የጫማ ካርቶን። ክዳኑ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡን ስታይ እጇ እዚያው ቀረ።

የሆስፒታሉ ኪኒን ነው። በየወሩ ከመድኃኒት ቤቱ ተሰልፋ የምታመጣለት እሷ ናት፤ ፓኮዎቹን በመልክ ታውቃቸዋለች። አንዱም አልተከፈተም። እንደ ጡብ ተደራርበዋል።

ቲነሩን አልወሰደችለትም። እናቷ ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠብቃ አንዱን ፓኮ ይዛ ወደ ግቢው ተመለሰች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ወንድሟ አየው፤ ከዚያ እናቱ የገባችበትን በር አየ። «ዝቅ አድርጊ ድምፅሽን። ምን ልታደርጊ ገብተሽ ነው የምትፈትሺኝ?»

«አንተ ነህ የላክኸኝ።»

«እሱም እውነት ነው» አለና ሳቅ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም። «ተውኩት። አያስፈልገኝማ። ይኸው እጄን አየሽው አይደል? ፍሬዎቹ ናቸው።»

«ኪኒኑን መቼ ነው የተውከው?»

«ፍሬዎቹን የጀመርኩ ዕለት።»

ትንኝ ትንሽ አሰበች። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣላት። «እጅህን ያንቀጠቀጠው እኮ ኪኒኑ ነው። እሱን ስለተውክ ነው የረጋው። ፍሬውማ ምንም...»

«ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የሆኑት» አላት። «አንቺ ‹ያኛው ነው› ትያለሽ፣ እኔ ‹ይሄኛው ነው› እላለሁ። ማን ይፈርዳል? ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። የኔ ልብ ፈርዷል።»

«ለሐኪሙ ንገረዋ። ስለ እጅህ። ሌላ ዓይነት ኪኒን ይኖር ይሆናል።»

«ነግሬው ነበር። ከወረቀቱ ቀና ሳይል ‹ትለምደዋለህ› አለኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራ። እትዬ ጠብታ ግን ስሚኝ ትንኝ፣ ሻይ አፍልተው አስቀምጠውኝ፣ ምን እንደምፈራ፣ ምን እንደማልም ጠየቁኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሰው እንደዚያ አድምጦኝ አያውቅም።» ፓኮውን ከእጇ ወስዶ ሱሪው ኪስ ከተተው። «ለእማዬ ግን አትንገሪ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። ምን ታድርግ? ዐይኑ ውስጥ ያየችው ነገር ቁጣ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ በራሱ ወደ እትዬ ጠብታ ቤት ወሰዳት። ስትሄድ የጠበቀችው አንዲት ሸረኛ ሴትዮ ነበር። ያገኘችው ግን ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ መነጽራቸው አንድ ጎኑ በፕላስተር የተጠገነ፣ «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ ብርድ ገባሽ» የሚሉ እናት ነው። መደርደሪያቸው ላይ ትንንሽ ጠርሙሶች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል።

«እትዬ፣ እነዚህ ፍሬዎች ከምን ቅጠል ነው የሚሠሩት?» አለች።

ሴትዮዋ በረጅሙ ሳቁ። «ሁሉም ሰው ቅጠል ይመስለዋል። ቅጠል አይደለም። ሆሚዮፓቲ ሌላ ነው።» ብርጭቆ ውሃ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ከመድኃኒቱ አንዲት ጠብታ ትወስጂና በመቶ ጠብታ ውሃ ትበጠብጫታለሽ። ትነቀንቂያለሽ፣ ጠንከር አድርገሽ። ከዚያኛው ደግሞ አንዲት ጠብታ ትወስጂና እንደገና በመቶ። እንደገና። እንደገና። ሠላሳ ጊዜ። መጨረሻ ላይ በስኳር ፍሬ ላይ ይንጠባጠባል።»

«ሠላሳ ጊዜ? ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን ይቀራል?»

«ነገሩማ አይቀርም» አሉ፤ የደበቁት ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ። «ትዝታው ነው የሚቀረው። ውሃ ያስታውሳል።»

ትንኝ ስትመጣ ምስጢር አወጣለሁ ብላ ነበር፤ ምስጢሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። «እትዬ... ወንድሜ የሆስፒታሉን ኪኒን አቁሟል።»

የሴትዮዋ ፊት ጥቂት ደመና ለበሰ። «እኔ አቁም አላልኩትም። አንድም ሰው አቁም ብዬ አላውቅም።»

«ቀጥል ይበሉታ። እርስዎን ይሰማል።»

«እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም፣ የኔ ልጅ። እሱ ትልቅ ሰው ነው። ሰውነቱ ይነግረዋል።» ከዚያም ትከሻዋን ዳበስ አደረጉና ብርቱካን ሰጥተው ሸኟት። ትንኝ ብርቱካኑን እስከ ቤቷ ድረስ ይዛው ሄደች። ልትጠላቸው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ያም ራሱ አናደዳት።

ትምህርት ቤት ውስጥ የነገረችው ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነው፤ ክፍሉ «ካልኩሌተር» ለሚላት። እሷም በእረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በጣቷ አየር ላይ ጻፈች።

«መቶን ሠላሳ ጊዜ እርስ በርሱ ታባዢያለሽ። አንድ ብለሽ ከኋላው ስልሳ ዜሮ ትደረድሪያለሽ። የዓለም ባሕር ሁሉ ተሰብስቦ አይበቃትም። አንቺዬ፣ ያቺ ጠብታ እኮ ጠፍታለች። ፖሊስ ቢፈልጋት አያገኛትም።»

ትንኝ ሳትወድ ሳቀች።

«አክስቴ ግን ለራስ ምታቷ ትወስደዋለች» አለች ካልኩሌተር። «ወስዳ ጋደም ትላለች፤ ይለቃታል።»

«ሳትወስድስ ጋደም ብትል አይለቃትም?»

«እሱን ጠይቄያት ነበር። በጫማ ልትለኝ ስትል ሮጥኩ። ለራስ ምታት ከሆነ ይሁን በቃ፣ ማን ሞተ? የወንድምሽ ግን...» ቀሪውን ተወችው። ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ ዕለት ወንድሟ ግቢው ውስጥ የሰኞውን ቀለም ሲያዘጋጅ ትንኝ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ፍሬዎቹ ምንም የለባቸውም» አለችው። «እትዬ ጠብታ ራሳቸው ነገሩኝ። ትንሽ ሳይሆን፣ ምንም። ስኳር ነው።»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለ። ኩራት ኩራት አለው። «ከቀለም ሰው ጋር እኮ ነሽ። ነይ ላሳይሽ።» ነጭ ቀለም በሞላ ጣሳ ውስጥ ከጥቁሩ አንዲት ጠብታ ጣለ፤ በእንጨት አማሰለ። ነጩ ቀስ ብሎ የዝናብ ደመና መሰለ። «አየሽ? አንዲት ጠብታ ናት። እስቲ አውጪያት። ትንሽ ነገር ምን እንደምትሠራ ከኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም። በአንዲት ጠብታ ስንት ባልዲ ተበላሽቶብኛል።»

«እሺ» አለች ትንኝ። «ከዚህኛው አንድ ማንኪያ ውሰድና ሌላ ነጭ ጣሳ ውስጥ ጨምር።»

«አለቃ ቢያዩ ቀለሙን በምላሴ ያስለቅሙኛል» አለ፤ ግን ጨመረ። ከዚያኛው ማንኪያ ወደ ሌላው። ከሌላው ወደ ሌላው። እናታቸው በበሩ ብቅ ብላ «ቀለም ትጫወታላችሁ? ሥራ ፈት ሁላ» ብላ ተመለሰች። ጥቂት እንደሄዱ ትንኝ የመጨረሻውን ጣሳና ምንም ያልነካውን ንጹሕ ነጭ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች። ዞር በል ብላው ቦታቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለዋወጠች።

«የቱ ነው ንጹሑ?»

ወንድሟ ጎንበስ አለ። ጣሳዎቹን ወደ ፀሐይ አዞረ፤ ዐይኑን አጠበበ፤ በጥፍሩ ትንሽ ወስዶ ግድግዳው ላይ ለቀለቀ። ነጭን ከነጭ የሚለይ ዐይን ነው፤ ሰባት ዓይነት ነጭ በስም ይጠራል። ብዙ ቆየ። «ይሄኛው» አለ።

«አይደለም።»

ትንኝ ያሸነፈች መሰላት። «ሠላሳ አልደረስንም እኮ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያደረግነው። በቃ የለም። ጠብታዋ የለችም።»

ወንድሟ ቁጢጥ ካለበት መሬት ላይ ተቀመጠ። ተናድዶ ቢሆን ጥሩ ነበር። በጣም በቀስታ ነው የተናገረው።

«ዐይኔ አላየውም ማለት የለም ማለት ነው? የሚጥለኝን ነገርስ አይቼው አውቃለሁ? መልክ የለው፣ ሽታ የለው። ሐኪሙም ጭንቅላቴን ፎቶ አነሳኝ፣ ‹ምንም አይታይም› አለ። ግን ይጥለኛል። የማይታየውን ነገር በማይታይ ነገር ማከም ምኑ ነው የሚገርምሽ?»

ትንኝ መልስ ፈለገች። እንዳለ ታውቃለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይም ነበር፤ ግን ቃል ሆኖ አልወጣላትም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ይህ ነው ብላ አሰበች፤ ሙቀጫውም፣ ውሃውም፣ ደክሞት የሚዝለው ክንድም የሷ ነው። ወንድሟ የተበላሸውን ነጭ ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠው። «ለመደብ ይሆናል» አለ።

እሑድ ምሽት ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ሾርባ ይጠጡ ነበር። ወንድሟ ስለ መሰላሉ ያወራል፤ መሰላሉ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ይዘረጋል፤ ከላይ ሲያዩት ከተማው ሁሉ...

«ሁሉ...» አለና ማንኪያው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ዐይኑ ተከፍቷል፤ ግን ማንንም አያይም። ከንፈሩ የሌለ ነገር ያኝካል። ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈትላል፣ ይፈትላል። ማንኪያው ዘንበል ብሎ ሾርባው ጭኑ ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማውም። እናቱ ጎድጓዳ ሳህኑን ከፊቱ ሳበችና ትከሻውን ያዘች። ትንኝ ወንበሯን ገፍታ ብትነሳም ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም። ቆመች ብቻ። ረጅም መሰላት፤ ግን ሾርባው እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

ከዚያ ወንድሟ ተመለሰ። «...ሁሉ ይታያል» ሊል ይመስል አፉን ከፈተና ፊታቸውን አየ። «ምን ሆናችኋል? ፊቴ ላይ ቀለም አለ?» ቀጥሎ ሱሪውን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ትንኝ አየችው።

«አይዞህ» አለች እናቱ ቶሎ ብላ። «እትዬ ጠብታ ነግረውናል እኮ። በሽታው ሊወጣ ሲል አንዴ ይቀሰቀሳል። እየለቀቀህ ነው።»

«እየለቀቀኝ ነው» አለ እሱም፤ ከአንገት በላይ።

«ሲጠፋ ‹ሠራ› አላችሁ» አለች ትንኝ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ሲመጣም ‹ሠራ› ትላላችሁ። ታዲያ አልሠራም የሚባለው መቼ ነው?»

ትንኝ ወንድሟን አላየችም፤ ካየችው እንደማትናገር ታውቃለች። «እማዬ፣ ኪኒኑን ትቶታል። ከአልጋው ስር ደብቆታል።»

እናቷ ጨርቅ አንስታ ጠረጴዛውን ጠረገች። ደጋግማ ያንኑ አንድ ቦታ ጠረገች። «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«አልጋውን የማነጥፍ እኔ፤ ስሩን የምጠርግ እኔ። የማላይ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እየዘፈነ ሲነሳ አልሰማሽም?» አለች እናቷ። ጨርቁን ጨመቀችው። «ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የነበረ ልጅ እየዘፈነ ሲነሳ ምን ልበለው? ‹ወደ ግድግዳህ ተመለስ› ልበለው? አንቺ እናት ስትሆኚ ትነግሪዋለሽ።»

«ነገ መሰላል ላይ ነው እኮ የሚወጣው።»

«ትንኝ» አለ ወንድሟ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር እንደዚያ ሲጠራት፤ እንደ ልመና። «አንዲት ቀን ናት። ያንን ታፔላ ልጻፈው። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን። አለቃ በሽታዬን ከሰሙ ግን አበቃልኝ፤ መደብም አያስቀቡኝም።»

ሰኞ ጠዋት እናቷ ዳቦዋን ጠቅልላ ሰጠቻት። «ትምህርትሽን ብቻ አስቢ» አለቻት፤ በሩ ላይ ግን ክንዷን ያዝ አድርጋ አልለቅ አለቻት፤ የምትለው ነገር ያለ ይመስል። ሳትለው ለቀቀቻት።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ካልኩሌተር እየጠበቀቻት ነበር። «ፈተና እኮ ነው፣ ነይ እንጂ» አለቻት።

«መጣሁ፤ ሂጂ» አለች ትንኝና ወደ ሌላው በኩል ታጠፈች።

የታፔላ ቤቱ ቆርቆሮ በር ግማሽ ድረስ ተከፍቶ የቀለም ሽታ ከስሩ ይወጣል። አለቃው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ትንኝ በጣቷ ግንባራቸውን አሳየቻቸው።

«ወይ እርጅና» አሉ እየሳቁ። «የብሩሽ እህት አይደለሽም እንዴ? በዐይንሽ አወቅሁሽ። ምን ልርዳሽ፣ ትምህርት የለም?»

«አለ» አለች።

«እና?»

ከአለቃው ጀርባ፣ በመንገዱ ማዶ፣ ወንድሟ ረጅሙን መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ አየችው። አዲሱን ሸሚዙን ለብሷል። እሱም አያት። እዚያው ማዶ፣ መንገዱ ዳር ካለው ግድግዳ አጠገብ ቆመ፤ አንድ ብስክሌት ደወሉን እያቃጨለ ዞሮት አለፈ። ወንድሟ ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ። አይሆንም፣ ማለቱ ነው።

ዛሬ ባይጥለውስ? ትንኝ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው። ምናልባት ወጥቶ፣ ጽፎ፣ እየዘፈነ ይወርድ ይሆናል። ካልወጣ ደግሞ መውደቅ አለመውደቁን ማንም አያውቅም። እሷም አታውቅም። «አየህ፣ አላልኩህም?» የምትልበት ቀን በጭራሽ አይመጣም። እሱ ግን የነጠቀችውን ነገር በየቀኑ፣ በዚያ ሕንፃ ባለፈ ቁጥር፣ ሌላ ሰው በጻፈው ፊደል ላይ ያየዋል።

«የኔ ልጅ?» አሉ አለቃው።

«ወንድሜ ዛሬ መሰላል ላይ አይውጣ» አለች።

«ለምን?»

ዐይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሳችም። እያየችው ልትናገረው ወሰነች፤ ዞር ብላ ከተናገረችው ሐሜት ይሆናል።

«የሚጥል በሽታ አለበት። ኪኒኑን ካቆመ ቆይቷል። ትናንት እራት ላይ መጥቶበት ነበር።»

አለቃው ቀስ ብለው ዞር አሉ። ከመንገዱ ማዶ ምን እንደተባለ መስማት አይቻልም፤ ወንድሟ ግን የሰማ ያህል መሰላሉን ከትከሻው አወረደ። አልወረወረውም። እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እንዳይንሸራተት አስተካከለው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

ወደ ትምህርት ቤት ብትሮጥ ፈተናው ላይ ትደርስ ነበር። አልሮጠችም። ሊጮኽባት ሲያሰኘው የት ናት ብሎ እንዳይፈልጋት፣ መንገዱን ተሻግራ መሰላሉ ስር ሄዳ ቆመች።